የታችኛው ጉድጓድ አፈር

ሌላው ሰው ዘመኑን በጎርፍ፣ በድርቅ፣ በመንግሥት ለውጥ ይቆጥራል። ነስሮ የሚቆጥረው በሳፊያ ሰርግ ነው። «የፊተኛዋ አህያዬ የሞተችው ሳፊያ ባገባች በሦስተኛው ዓመት ነው» ይላል። «ያ ግንብ የተናደው ከሳፊያ ሰርግ በፊት ነው» ይላል። ሳፊያ እህቱ አይደለችም፣ ልጁም አይደለችም፤ የአይ ሀቢባ ልጅ ናት፤ አይ ማለት በአገሩ ሰው ቋንቋ እናት ነው። ከሰርጓ ለነስሮ የተረፈው ነገር ቢኖር ቂም ብቻ ነው።

በዚያ ሰርግ ቤቱን ያቀላው አፈር የሱ ነበር። ጀጎል ውስጥ ያለ የድሮ ቤት ሙሽራ ሲኖረው፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ፣ የአገሩ ሰው ነደባ የሚለው፣ በቀይ አፈር ይቀባል። አፈሩን ከኤረር በር ውጭ ካለው ተዳፋት ቆፍሮ፣ ነፍቶ፣ በአህያ ጭኖ በዚያ በቀጫጭን መንገድ ግድግዳ ለግድግዳ እየተሻሸ የሚያመጣው ነስሮ ነው። የአባቱም ሥራ ይኸው ነበር። አባቱ ከድሬ ጠያራ መጥቶ አቦከር ሰፈር ቤት የቀለሰው በዚሁ አፈር ነው።

የሰርጉ ዕለት ታዲያ ነስሮም ተጠራ። ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፣ አዲስ ሽርጥ አገለደመ፣ እግሩን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ወደ ትልቁ ነደባ አንድ እግሩን ሲያነሳ፣ አይ ሀቢባ ከማዶ ሆነው፣ «ነስሮ፣ አንተ ከበሩ ኋላ ይሻልሃል፤ እግርህ አፈር ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። ከበሩ ኋላ ያለው ነደባ ጠባብ ነው፤ ድሮ የቤቱ ዘበኛ ነበር አሉ የሚቀመጥበት። ነስሮ እዚያ ተቀመጠ። ሩዙን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ መርቆ ወጣ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግን ከዚያ ቦታ አልተነሳም።

ያልነገረው ሰው የለም። ጫት ላይ ይነግራል፣ ለቅሶ ላይ ይነግራል፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ ይነግራል። በኋላ ሰዉ ለመደውና መቀለጃ አደረገው። «ነስሮ፣ እግርህን ስንት ጊዜ ነበር የታጠብከው?» ይሉታል። «ሦስት» ይላል፤ ይስቃሉ። ስሙንም «አፈሩ» አሉት። አንድ ጊዜ በባህል በዓል ላይ ነደባ ቀቢዋ አይሻ ወረቀት ተሸለመች፤ በመስታወት አስገብታ ሰቀለችው። አፈሩ ከሰማይ የወረደ ይመስል ነስሮን የጠራው የለም። ይህችንም ከሳፊያ ሰርግ ጋር ደርቦ ያዛት። አይሻ ስትጠየቅ፣ «የነስሮ ሆድ ጓዳ ነው፤ የገባበት ዕቃ አይወጣም» ትላለች።

እንግዲህ በዚህ ዓመት አይ ሀቢባ ትንሿን ልጃቸውን ሰልማን ሊድሩ ነውና ላኩበት። ስድስት ጆንያ፣ የተነፋ፣ ኒካሁ እሑድ ነው፣ ሰኞ ይድረስልን የሚል መልእክት ነው የመጣው። እንዴት ነህ እንኳ የለበትም።

ነስሮ ሁለት ጉድጓድ አለው። የላይኛው ሩቅ ነው፣ አንድ ሰዓት ሽቅብ ያስኬዳል፤ አፈሩ ግን እንደ ዱቄት ነው። የታችኛው መንገድ ዳር ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የከብት አንጀትና አጥንት እያመጡ የሚደፉበት ሰዎች ስለበዙ ቀን ውሻ፣ ማታ ጅብ አይጠፋበትም። ነስሮ ራሱ ተጸይፎ ትቶት ነበር። ለአይ ሀቢባ ቤት ሊቆፍር በወጣ ጠዋት ግን መንታው መንገድ ላይ ቆመና ሽቅቡን አየው። ወገቡን አሰበ። ከወገቡ ይልቅ ደግሞ ያንን ሳቅ አሰበ። «ለነሱ ይሄም ይበዛባቸዋል» አለና አህያዋን ወደ ታች መለሳት። ከላይ ያለውን ቆሻሻ ገፍፎ፣ ከሥሩ ቆፍሮ፣ ነፍቶ ሞላ። መልኩ ያው ቀይ ነው። ሰኞ ስድስቱን ጆንያ በግቢው ጥግ ደርድሮ ወጣ።

ረቡዕ ከሰዓት ልደት ደወለችለት።

ልደት የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት፤ ስለ አፈር ታጠናለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤቱ ድረስ መጥታ፣ «ጋሽ ነስሮ፣ ስለዚህ አገር አፈር ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም ብለውኝ ነው» ያለችው ጊዜ፣ ነስሮ ማን እንዳላት ሊጠይቅ ፈልጎ ተወው፤ ደስታው እንዳይበላሽ። ሦስት ቀን ሙሉ አዞራት። ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ፣ ድመት ከሚተኛበት የግንብ ሥር፣ ጅብ ከሚገባበት የግንብ ቀዳዳ አጠገብ፣ ከሁለቱም ጉድጓዶች በማንኪያ እያፈሰች በትንንሽ ላስቲክ ቋጠረች። አሁን ውጤቱ ደርሷል፤ ይምጡና ይዩት አለችው።

ወዲያው ዩኒቨርሲቲው ሄዶ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ የራሱን ሽፋሽፍት ነው ያየው። ከዚያ አንድ ክብ ነገር ታየው፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነቁጥ ነቁጥ ያለበት፣ ውስጡ የተጠቀለለ ክር የመሰለ ነገር ያለበት።

«ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነው።»

«ዶሮዋ ትንሽ ነበረች በይኛ።»

ልደት ሳቀች። «የውሻ ወስፋት ነው፣ ጋሽ ነስሮ። ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ያ ውስጡ የተጠቀለለው ትሉ ነው። ደርሷል።»

«ከየትኛው አፈር?»

ወረቀቷን አየች። «ከሜዳውም፣ ከግንቡ ሥርም ጥቂት ጥቂት አለ፤ እዚያ የድመትም አለበት። ይሄ ግን ቁጥር አሥራ አንድ ነው፤ ከታችኛው ጉድጓድ። ከሁሉም የባሰ እሱ ነው።»

ነስሮ ከማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «ከላይ ያለው ቢገፈፍስ?»

«ዝናብ ይዞት ወደ ታች ይሰርጋል።»

«ቢነፋስ?»

«የወንፊት ዓይን ለሱ የከተማ በር ነው። እርጥበት ካገኘ ደግሞ ዓመታት ይቆያል።»

«ሰው ቢቀምሰው ምን ያደርገዋል?»

«ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ልጅ ግን አፈር ይልሳል፣ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ትሉ ሰው ሆድ ውስጥ አድጎ አይቀመጥም፤ አገሩ አይደለማ። መንገድ ይጠፋበታል። ጉበት ይገባል፣ ሳንባ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ዓይን ይገባል።»

«ከገባስ?»

«ያ ዓይን ሊጠፋ ይችላል።» ልደት ወረቀቷን አጠፈች። «ከዚያ ጉድጓድ አሁን የሚቆፍር ሰው አለ እንዴ?»

«የለም» አለ ነስሮ።

ከግቢው ወጥቶ ታክሲ ሳይዝ በእግሩ ሄደ። ነገ ሐሙስ ነው። ሴቶቹ ነገ ጠዋት ያቦካሉ፤ እሑድ እንዲደርቅ ነገ መቀባት አለበት። ሸዋ በር ሲደርስ ቆመ። በዚያው ቢገባ የአይ ሀቢባ ቤት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንዱ ልቡ ሂድ አለው። ሌላው ልቡ ግን፣ «ሄደህ ምን ልትል? ያመጣሁላችሁ አፈር የውሻ ነው ልትል? እንደገና ሊስቁብህ?» አለው። ደግሞ ከሥር ከሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ደስ የሚለው፣ የሚጣፍጥ፣ እንደ ሞቀ ማር የሚወርድ። «ይቅመሱታ። እግሩ አፈር ነው ያሉት አፈሩን ይቅመሱታ።» ነስሮ ወደ አቦከር ታጠፈ። እራቱን በላ። ተኛ። እንቅልፍ ግን ሌላ ሰው ዘንድ ነው ያደረው። ሱብሒ ሰግዶ ሲነሳ ያች የተጠቀለለች ክር ዓይኑ ላይ ነበረች።

ገና ፀሐይዋ ግንቡን ሳትሻገር ጀጎል ገባ። መራመድ ጀምሮ መሮጥ ጀመረ። በአምሳ ስምንት ዓመቱ የሮጠበትን ጊዜ አያስታውስም። አንድ ልብስ ሰፊ ከመኪናው ላይ ቀና ብሎ፣ «አፈሩ፣ እግርህን ልትታጠብ ነው?» አለው። አልመለሰለትም።

የአይ ሀቢባ ግቢ ተከፍቷል። ሴቶቹ ተሰብስበዋል። መሐል ሸራ ተነጥፎ ሁለት ጆንያ ተዘርግፏል፤ ገንዳ ተቀምጧል፤ ውሃ በባልዲ ተደርድሯል። አይሻ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ አፈሩ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ ሴት አፈር በጣት ታሻለች፤ አይሻ የምታውቀው በምላስ ነው። አሸዋ ካለበት ጥርስ ላይ ይንቋቋል፣ ጨው ካለበት ምላስ ይቆነጥጣል ትላለች። ቆንጥራ ወደ አፏ ስታነሳ ነስሮ ደረሰ።

«አይሻ፣ አትቅመሺው።»

እጇ አፏ ጋ ቆመ። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አሰላሙ ዓለይኩም ይባላል መጀመሪያ።»

«ዓለይኩም አሰላም። አስቀምጪው።»

አይ ሀቢባ ከቤት ወጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ከኋላቸው ሳፊያ የቡና ሲኒ በሰፌድ ተሸክማ ወጣች። «ምንድን ነው ነስሮ? በጠዋቱ?» አሉት አይ ሀቢባ።

«ይሄ አፈር አይቀባም፣ አይ ሀቢባ። በሽታ አለበት። የውሻ ትል እንቁላል አለበት። በመሣሪያ አይቼዋለሁ፣ በዚህ ዓይኔ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«እንቁላል» አለች አይሻ። «እንግዲያውስ ቁርስ አመጣህልና።»

«ቀልድ አይደለም። ውሻም ጅብም የሚውልበት አፈር ነው።»

«ጅብ ከዋለበትማ የተባረከ ነው! ወራባ ጂን ይበላል እንጂ ትል ይሰጣል ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «እናቴ ለሙሽራ ቤት ወራባ የረገጠውን አፈር ፈልጉ ነበር የምትለው።»

«ውሻስ?» አለ ነስሮ። «ውሻ ነጃሳ አይደለም?»

«ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ሲታጠብ አንዱ በምንድን ነው? በአፈር ነው። የሚያጠራው አፈር ነው እንግዲህ። አንተ ራሱን አፈሩን አረከስከው?» አይሻ እጇን አራገፈች። «አይ ሀቢባ፣ ይሄ ሰውዬ ሰርግ ሊያበላሽ ነው የመጣው። እኔ ከማለዳ ጀምሮ እየጠበቅኩት ነበር። አሁን ስለ እግሩ ይጀምራል፣ ታያላችሁ።»

ሳቁ አሁን ወጣ። ያው ሳቅ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላው። ነስሮ ሽርጡን ጠበቅ አደረገ። ይሂዳ። ዞር ብሎ ይውጣና ይተዋቸዋ። ነግሯቸዋል፣ ከእንግዲህ በአንገታቸው ነው። ዞረ። ዞሮ በሩን ሲያይ ነው ሱመያን ያያት።

ሱመያ የሳፊያ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። በጥጉ፣ ገና ካልተከፈቱት ጆንያዎች ሥር ተቀምጣለች። አንደኛው ጆንያ ከታች በጣት የሰፋ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ ቀዳዳ ቀይ አፈር እንደ ውሃ ፈሶ ጉልበቷ ሥር ተከምሯል። አፏ ዙሪያውን ቀይ ነው። ነስሮን አየችና ጣቷን ከአፏ አወጣች።

«ይሄንን ልጅ አንሷት» አለ ነስሮ።

«ይተዉአት፣ ልማዷ ነው» አለች ሳፊያ። «አፈር ትወዳለች። ትናንት ሲመሽም ከዚያው ነው ያነሳኋት፤ በእፍኟ ነበር።»

ትናንት ሲመሽ። ነስሮ ሸዋ በር ላይ ቆሞ ልቡን ያዳምጥ በነበረበት ሰዓት።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነስሮ አስቦ አላደረገውም። መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እዚያው፣ በሴቶቹ መሐል፣ እንደ ተመታ ሰው።

«ስሙኝ» አለ። «ይሄ አፈር ከላይኛው ጉድጓድ አይደለም።»

ሳቁ ቀነሰ። አይሻ፣ «ምን አልክ?» አለች።

«ከታችኛው ነው። አንጀት ከሚደፋበት። ውሻ ሲያራበት እያየሁ ነው የቆፈርኩት።»

«ለምን? ወገብህን አሞህ ነው?»

«ወገቤን አላመመኝም። ለዚህ ቤት ስለሆነ ነው። ይበዛባቸዋል ብዬ ነው።» ቀና ብሎ አይ ሀቢባን አያቸው። «በሽታ እንዳለበት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፣ ወላሂ። ቆሻሻ መሆኑን ግን አውቅ ነበር። በሽታውን ትናንት ከሰዓት ነው ያወቅሁት። ትናንት መምጣት እችል ነበር። ከሸዋ በር ተመለስኩ። ይቅመሱት ብዬ ነው የተመለስኩት።»

ሰፌዱ ከሳፊያ እጅ አልወደቀም፤ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው፣ ሲኒዎቹ ሳይነካኩ። ከዚያ ልጇን አንስታ አፏን በነጠላዋ ትጠርግ ጀመር። ትጠርጋለች፣ ታያለች፣ እንደገና ትጠርጋለች።

«ምን ያደርጋታል?» አለች። ነስሮን ሳታይ ነው የጠየቀችው።

«ምንም ላያደርጋት ይችላል።»

«ምን ያደርጋታል አልኩ።»

«ዓይኗን» አለ ነስሮ።

አይሻ ከአፈሩ ላይ ተነሳች። እስካሁን ሳታምነው ቆይታ አሁን ለምን እንዳመነችው ለነስሮም ገባው። ነስሮ ዕድሜ ልኩን የሌላውን ጥፋት ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ የራሱን ሲናገር የሰማው የለም። አይሻ ጣቶቿን አየች፣ ከንፈሯን በሻሿ ጠረገች፣ ወደ ባልዲው ሄደች።

«አፈር የሚያጠራው» አሉ አይ ሀቢባ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ራሱ ንጹሕ ሲሆን ነው፣ አይሻ። ያንን ረስተሻል። አፍስሱት። ሳፊያ፣ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ።»

ነስሮ ለልደት ደወለ። «ትናንት ዋሽቼሻለሁ» አለ፤ የቀረውንም ነገራት። ከዚያ፣ «ጤና ጣቢያው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለችና ዘጋች። ጋሽ ነስሮ አላለችውም።

ሳፊያ ባጃጁ ውስጥ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች፤ ነስሮ ከሹፌሩ ጎን። መንገዱን ሙሉ የተናገረች ሱመያ ብቻ ናት፤ ባጃጁ ላይ የተንጠለጠለውን አበባ ስጡኝ ትላለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ልደት ወረቀቷን ለጤና መኮንኑ አሳየችው። ሰውዬው ልጅቷን መረመረ፣ የትል መድኃኒት አዘዘ፣ ዓይኗን በባትሪ አየ።

«አሁን ምንም የለም» አለ። «አሁን መኖርም አይችልም። ከሄደም ከሳምንታት፣ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው። ብዙው ልጅ ምንም ሳይሆን ያልፋል፤ ይሄን ልብ በሉ። ክፋቱ ግን ሕፃን አንድ ዓይኑ ሲደክም አይናገርም፤ በሌላኛው ያያላ። ስለዚህ ለስድስት ወር በየሳምንቱ አንድ ዓይኗን እየሸፈናችሁ ምን ይታይሻል በሏት። የተለየ ነገር ካያችሁ አንድ ቀን እንዳታሳድሩ።»

«የትኛው ዓይን ነው የሚያሰጋው?» አለ ነስሮ።

መኮንኑ የሞኝ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አድርጎ አየው። «እሱን ትሉን ነው የሚጠይቁት፣ አባት።»

ከሰዓት ነስሮ ስድስቱን ጆንያ አፈር ብቻውን አወጣ። ሸራውን አጠፈ፣ የፈሰሰውን በአካፋ ጠረገ፣ ድንጋዩን በፈላ ውሃ አጠበ። ላግዝህ ያለው የለም። አፈሩን ከከተማ ውጭ በቁመቱ ልክ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። የመጨረሻውን ጆንያ አህያዋ ላይ ሲጭን አይ ሀቢባ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ነስሮ።»

«አቤት።»

«የዚያን ቀን እግርህ ንጹሕ ነበር። አይቼዋለሁ።»

ገመዱ እጁ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን እንዲያ አሉ?»

«ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰው ላስቅ ብዬ ነው።»

ይህችን ቃል አሥራ አራት ዓመት ጠብቋታል። ስንት ጊዜ በልቡ ስሏት ነበር፤ በሽማግሌዎች ፊት፣ በትልቁ ነደባ ላይ ተቀምጦ። አሁን መጣችለትና የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። «እሺ» አለና አህያዋን ነዳ።

ዓርብ ወደ ላይኛው ጉድጓድ ወጣ። ብቻውን አይደለም፤ አይሻ፣ «ከየት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? በዓይኔ ካላየሁ እጄን አልነክርም» ብላ በዚያ ክብደቷ ተከተለችው። «ጉልበቴ ቢሰበር ወላሂ አንተ ነህ እስክድን የምትቀባልኝ» እያለች፣ በየድንጋዩ እየተቀመጠች፣ አራት ጊዜ ዱዓ እያደረገች ደረሰች። የአፈሩን ዙሪያ እንደ ዳኛ ዞረች። አጥንት ፈለገች፣ የውሻ ዱካ ፈለገች። በመጨረሻ በገዛ እጇ ሞላችው፤ አልቀመሰችውም። ቤቱ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ እሳት እየነደደ ደረቀ። ሰልማ እሑድ ተዳረች። ነስሮን የጠራው የለም። እሱም አልጠበቀም።

ከዚያ ወዲህ ጀጎል ውስጥ አፈር የሚያመጣው ዓብዱላሂ የሚባል ከታች ሰፈር ያለ ሰው ነው። ነስሮ አፈሩ ጨዋማ ነው ብሎ ለዓመታት ያማው ነበር። አሁን ሲጠይቁት፣ «ደህና አፈር ነው» ይላል። ጫት ላይ፣ «እግርህን ስንት ጊዜ…» የሚል ሰው የለም፤ እንደ ድሮው ቢስቁበት ይሻለው ነበር። እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ታችኛው ጉድጓድ ይወርዳል። ማንም ሳያዝዘው አጥንቱን ይለቅማል፣ አንጀቱን ይቀብራል፣ ድንጋይና አፈር እየሞላ ይደፍነዋል፣ ዙሪያውን እሾህ ያጥራል። ውሾቹ ከሩቅ ተቀምጠው ያዩታል።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ከዚያው በቀጥታ ወደ አይ ሀቢባ በር ይመጣል። የመጀመሪያው ሐሙስ ሳፊያ በሩን ከፍታ ስታየው መልሳ ልትዘጋው ነበር።

«ምን ፈለጉ?»

«ዓይኗን ልጠይቅ ነው።»

«እኛ እንጠይቃታለን።»

ከውስጥ የአይ ሀቢባ ድምፅ፣ «ይጠይቅ» አለ። ሳፊያ ልጅቷን አውጥታ ከደጁ ድንጋይ ላይ አቆመቻት። ነስሮ ግቢ አልገባም፤ ይግቡም አላለችው። ሳፊያ የልጅቷን ግራ ዓይን በመዳፏ ሸፈነች፤ ነስሮ ከአምስት እርምጃ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ከፍ አድርጎ ያሳያታል። ሎሚ፣ ቁልፍ፣ የአህያዋን ገመድ። ሱመያ ትናገራለች። ከዚያ ቀኙ ይሸፈናል። እንደገና ትናገራለች። ነስሮ አመስግኖ ይሄዳል። ስድስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ።

በሰባተኛው ሐሙስ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ከጉድጓዱ ሲሮጥ የሚያሳያት ነገር መያዝ ረሳ። ሳፊያ ግራውን ስትሸፍን እጁን አነሳ። «ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት።»

ቀኙ ተሸፈነ። ነስሮ ሁለት ጣት አነሳ። «አሁንስ?»

ሱመያ ዝም አለች።

«ሱሜ፣ ንገሪው» አለች ሳፊያ።

ያ ያልተሸፈነው ግራ ዓይኗ እጁን አያይም፤ ወደ ታች ወርዷል፣ አንድ ቦታ ላይ ፈዟል። ሳፊያ ነስሮን አየችው። በሰባት ሳምንት ውስጥ ፊቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

«ሱመያ» አለ ነስሮ። ሁለቱ ጣቶቹ አየር ላይ ናቸው፤ ማውረድ አልቻለም። «የኔ እናት፣ አፈር ስሆን፣ ምን ይታይሻል?»

ልጅቷ በትንሿ ጣቷ ወደ ታች ጠቆመች።

«እግርህ አፈር ነው» አለች።

ነስሮ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ከነጠላ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ነው፤ በጣቶቹ መሐል ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በአምስት እርምጃ በግራ ዓይን የሚታይ አፈር ነው።

«ነው» አለ። «አፈር ነው። አልሐምዱሊላህ።»

ሳፊያ መዳፏን አነሳች። ልጅቷ ተፈትልካ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሳፊያ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ይግቡ አላለችም። የልጅቷ ጣሳ ደጁ ድንጋይ ላይ ውሃ እንደያዘ ነበር፤ አንስታ አቀበለችው።

«ይታጠቡበት» አለች። «ገና አራት ወር ተኩል ይቀራል። ሐሙስ እንዳይዘገዩ።»